የሌሊት ወፎች ሲጠራሩ ያሰማችኝ ትንሽ መሣሪያ

አውራ ጣት ታህላለች። ስልኩ ቻርጅ በሚደረግበት ቀዳዳ ትሰካላችሁ፣ አፑን ትከፍታላችሁ፣ ወደ ሰማይ ታዞሯታላችሁ፣ በቃ። ጭር ብሏል ያላችሁት ምሽት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጭር አይልም። የሌሊት ወፍ ማዳመጫ ናት። ጆሯችን የማይደርስበትን ቀጭን ድምፃቸውን እየያዘች ወደምንሰማው ታወርደዋለች፣ ትቀዳዋለች፣ በሥዕልም ታሳየናለች። ወራት ሙሉ ከኪሴ ስላልተለየች አሁን ስለ እሷ መጻፍ እችላለሁ።

ሻጮቿ የሚያወሩላት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝርያ ትለያለች ይላሉ። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ትለያለች። እኔ ግን የምመክራችሁ በሌላ ምክንያት ነው። የሌሊት ወፎች እርስ በርስ ሲጠራሩ፣ የተበታተኑት ሲሰባሰቡ፣ እናት ልጇን ስትፈልግ የሚያሰሙትን ድምፅ እንደኔ ያለ ተራ ሰው ሊሰማ ከፈለገ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። የሚያናድደው ግን መሣሪያዋ ከካርቶኗ ስትወጣ ይህንኑ ድምፅ እንድትጥለው ተደርጋ የተስተካከለች መሆኗ ነው። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ፣ ብዙ ሌሊት አባክኖብኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 20,000 ንዝረት) ይሰማል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች መንገዳቸውንና የሚያድኑትን ነፍሳት በገደል ማሚቶ የሚለዩበት ድምፅ ከዚያ በላይ ነው። አንዲት ትንሽ የአፍሪካ ዝርያ እስከ 212 ኪሎኸርዝ ድረስ ትወጣለች። ይህ ሁሉ ድምፅ ሌሊት ሌሊት ከራሳችን በላይ ሲጮህ ኖሯል፣ እኛ ግን ጸጥታ ነው ብለን እንተኛለን። በ1938 ዶናልድ ግሪፈን የተባለ የሃርቫርድ ተማሪ የሌሊት ወፎቹን ይዞ ጆርጅ ፒርስ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ወደሠራው ድምፅ መቀበያ ባይሄድ ኖሮ ምን ያህል ዘመን ሳናውቀው እንቆይ እንደነበር ማሰብ ያስደንቀኛል። ያኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ የነበረው ነገር ዛሬ ኪስ ገብቷል።

አሁን ዋናው ነገር። የሌሊት ወፍ የምታሰማው ድምፅ ሁሉ መንገድ ለማየት አይደለም። አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም፣ ባብዛኛው አንድ ዓይነት የሆነው ድምፅ የመንገድ ነው፤ ስትበር እንደ ባትሪ መብራት የምትጠቀምበት። ሌላው የጓደኛ ድምፅ ነው። ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ረዘም ይላል፣ ይታጠፋል፣ ይንቀጠቀጣል። ዝቅ ማለቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጣም ቀጭን ድምፅ አየር ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟ ወገንን ከሩቅ ለመጥራት ዝቅ ያለው ይሻላል። መንገድ ለማየት ያወጣችው ድምፅ ወደራሷ እንዲመለስ ነው የምትፈልገው። የምትጣራበት ግን ሌላ ጆሮ ጋ መድረስ አለበት።

ከዚህች በፊት አሮጌው ዓይነት ማዳመጫ ነበረኝ፣ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ በመዞሪያ የሚፈለገው። መዞሪያውን 45 ኪሎኸርዝ ላይ ካደረጋችሁት በ45 አካባቢ ያለውን ብቻ ያሰማችኋል፤ የዚያኑ ሰዓት በ20 የሚጮኸው ያልፋችኋል። መንገድ ፈላጊውን ድምፅ ለመስማት አያንስም፣ እንደውም ወዲያው ስለሚያሰማ እስካሁን የሚወዱት ብዙ ናቸው። ለጥሪያቸው ግን አይሆንም። ጥሪ ከላይ ጀምሮ ወደታች ሊወርድና ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፣ እናንተ የምትሰሙት ግን መሀሉን ቆርሳችሁ ነው። የአሁኗ እንደዚያ አይደለችም። በሰከንድ 384,000 ጊዜ ድምፁን እየለካች ሙሉውን ትቀዳለች፣ ይህም ማለት እስከ 192 ኪሎኸርዝ ያለውን በሙሉ ይዛለች ማለት ነው። ከዚያ 10 ጊዜ አዘግይታችሁ ታጫውቱታላችሁ። 30 ኪሎኸርዝ የነበረው 3 ይሆናል፣ ጆሯችን ደስ ብሎት ይሰማዋል።

አንድ ንጋት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ከቁመቴ ሦስት እጥፍ ያህል ከፍታ ላይ ጉድጓድ ያለው ዛፍ አለ። የጉድጓዱ አፍ በመግባት በመውጣት ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ እዚያ እንደሚያድሩ ያወቅሁትም በዚህ ነው። ሳይነጋ ሄጄ ከግንዱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ፣ የስልኩን ብርሃን እስከ መጨረሻው ቀነስኩ፣ ኢርፎን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። ቆይቶ አንዷ መጣች። በሥዕሉ ላይ መንገድ ፈላጊ ድምፅዋ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድሮ ያልፋል። ጉድጓዱ ጋ ደርሳ አልገባችም፤ ነካ አድርጋው ተመለሰች፣ ዞረች፣ እንደገና መጣች። ሦስተኛው ዙር ላይ ከማበጠሪያው ጥርስ መሀል አንድ ጎበጥ ጎበጥ ያለ፣ በብዕር የተጻፈ ፊደል የሚመስል ምልክት ብቅ አለ። ወዲያው ሌላ። ከዚያ የእሷ ያልሆነ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ከወደ ዛፉ የመጣ ምልክት ተከተለ። ገባች።

ቀኑ ከወጣ በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያንን ቦታ አዘግይቼ ሰማሁት። መንገድ ፈላጊው ድምፅ እንደ ወፍ ጫጩት ጭው ጭው ይላል። ጥሪው ግን ፉጨት ነው፤ ወርዶ፣ ተጠምዝዞ፣ መጨረሻው ላይ ቀና የሚል። ከምር ልቤ ነው የዘለለው። ወላዋይ ሰው ሲያጋጥመን የሌሊት ወፍ እንለዋለን፣ ከወፎቹም ከአይጦቹም ጎራ አትቆምም እየተባለ። ለራሷ ወገን ግን እንዴት ያለች ታማኝ እንደሆነች ያንን ፉጨት የሰማ ሰው ያውቃል።

ይህ የኔ የአንድ ዛፍ ነገር ብቻ አይደለም። ከሰማሁት በኋላ ማንበብ ጀመርኩና በጣም የገረመኝ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የምትኖረው ቲሮፕቴራ ትሪኮሎር የምትባለው ትንሽ የሌሊት ወፍ ታሪክ ነው። አውራ ጣቷና እግሯ ላይ እንደ ማጣበቂያ የሚይዝ ክብ ነገር አላት፣ በእሱ እየተጣበቀች የምታድረው ገና ባልተዘረጋ ጥቅል ቅጠል ውስጥ ነው። ቅጠል ደግሞ ጥቅል ሆኖ አይቆይም፤ ባብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ ይዘረጋል። እስቲ አስቡት፣ ቤታችሁ በየቀኑ ይፈርሳል፣ ቤተሰባችሁ ግን አንድ ሆኖ መቆየት አለበት። እነሱ የሚያደርጉት መጠየቅና መመለስ ነው። በመብረር ላይ ያለችው ትጠይቃለች፣ ቅጠል ያገኘችው ከውስጥ ትመልሳለች። ግሎሪያና ቻቬሪና ኤሪን ጊላም ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንን በ2010 አሳተሙት። በ2013 ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ፤ የተጠቀለለው ቅጠል እንደ ጡሩምባ ሆኖ ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ እስከ 10 ዴሲቤል ድረስ አጉልቶ ውስጥ ላሉት ያሰማል። ከውስጥ የሚወጣውን መልስ የሚያጎላው ግን በጥቂቱ ነው። ሁሉም እኩል መላሽ እንዳልሆኑም ታይቷል። አንዳንዷ ሁሌ ትመልሳለች፣ አንዳንዷ ዝም ትላለች። እኛም ዘንድ ስልክ የሚያነሳና የማያነሳ ዘመድ አለ።

መሣሪያዋን ከገዛችሁ በኋላ የምትሰሙት ጥሪ ለምን እንደሆነ ስታውቁ ማዳመጡ ሌላ ጣዕም ያገኛል፣ ለዚህ ነው ይህንን ሁሉ የማወራው። አውሮፓ ውስጥ ያለችው የቤክስታይን የሌሊት ወፍ ለምሳሌ በየጥቂት ቀኑ ማደሪያ ትቀይራለች። ሴቶቹ ተከፋፍለው ያድራሉ፣ ተመልሰው ይቀላቀላሉ፣ ግን የቡድኑ አባላት ዓመታት አልፈውም እነዚያው ናቸው። በየጊዜው እየተበተኑ ላለመጥፋፋት የሚያገናኛቸው ነገር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የማልጠግበው ግን የፊሎስቶመስ ሃስታተስ ታሪክ ነው፣ ትሪኒዳድ ላይ በደንብ የተጠናችው ትልቋ የሌሊት ወፍ። ሴቶቹ በዋሻ ውስጥ በቡድን ይኖራሉ፣ የሚገርመው የሥጋ ዘመዳሞች አይደሉም። ግን ቡድኑ የራሱ ጩኸት አለው። ጃኔት ቦውማን የተባለች ተመራማሪ አንዳንዶቹን ከአንዱ ቡድን ወደሌላው አዛወረቻቸው፤ በ1998 ያሳተመችው ውጤት እንዳሳየው አዲሶቹም ነባሮቹም ጩኸታቸውን ለወጡ፣ ቀስ በቀስም ተመሳሰሉ። አዲስ ሰፈር የገባ ልጅ የሰፈሩን አነጋገር ሲለምድ አይታችኋል አይደል? እዚህ ግን ነባሩም ወደ እንግዳው ተጠግቷል። አብረው ምግብ ፍለጋ ሲወጡ የሚጠራሩት በዚህ ጩኸት ነው፤ የኛ ቡድን ነው፣ ኑ እንደማለት። ይህ ጩኸት ደግሞ በራቁት ጆሮ ይሰማል፣ ያን ያህል ዝቅ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ነው ከመሣሪያዋ ጋር የተጣላሁት።

አውቶማቲክ መቅጃ አላት። ድምፅ ስትሰማ ራሷ ትጀምራለች፣ ሲያልቅ ታቆማለች፣ ይህም ሜሞሪ ይቆጥባል። ግን መቼ እንደምትጀምር የሚወስን ገደብ አላት። ከዚህ ኪሎኸርዝ በታች ያለውን አትቁጠሪ ተብላለች። የኔዋ ስትመጣ ገደቡ ከፍ ብሎ ነው የመጣው። ሐሳቡ ይገባኛል፤ የሰው ወሬ፣ የመኪና ድምፅ፣ ቅጠል፣ ነፋስ እንዳይገባ ነው። ችግሩ የምፈልገው ድምፅ አንዳንዱ ከገደቡ በታች መሆኑ ነው። መንገድ ፈላጊው ድምፅ ሲያልቅ መቅዳቱን ታቆማለች፣ ጥሪው ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ የለም። ወይም መጀመሪያው ተቆርጦ ጭራው ብቻ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ስንት ሌሊት እንደወጣሁ ቆጥሬ አላውቅም። እዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሲዞሩ በዐይኔ አያለሁ፣ ጠዋት ፋይሉን ስከፍት ማበጠሪያ ብቻ። የሌሊት ወፎቹ ዝም ያሉ መስሎኝ ነበር። ገደቡ የተደበቀው ማስተካከያው ውስጥ ሦስተኛ ገጽ ላይ ነው፣ መመሪያው ላይ ስለ ጥሪ አንድ ቃል የለም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ በደል ነው። አንድ መስመር ቢጽፉ ምን ነበረበት?

መፍትሔው ቀላል ነው። ገደቡን ወደታች አውርዱት፣ የሚቻል ከሆነ አጥፉት፣ ማደሪያቸው አጠገብ ስትሆኑ ደግሞ አውቶማቲኩን ትታችሁ በእጃችሁ ሙሉውን ቅዱ። ዋጋ አለው፤ በዚህ ጥራት አንድ ደቂቃ ወደ 46 ሜጋባይት ይወስዳል፣ አንድ ሰዓት 2.8 ጊጋባይት ገደማ። ስልካችሁ በፎቶ የተሞላ ከሆነ ንጋቱ ሳይመጣ ቦታ ያልቃል። እኔ አመሻሽ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ንጋት ላይ ግማሽ ሰዓት እቀዳለሁ። ለጥሪ የሚበጀው ንጋት ነው፣ ሲመለሱ፤ ከመግባታቸው በፊት ማደሪያቸው ዙሪያ እየዞሩ የሚቆዩት ያኔ ነው። አመሻሽ ላይ ሲወጡ ቸኩለው ስለሚሄዱ ብዙ አላገኘሁም።

ዝርያ የሚለየው ክፍልስ? የመንገድ ድምፅ ላይ አልከፋም። ጥሪ ላይ ግን አትመኗት። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሠለጠኑት በመንገድ ፈላጊው ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ጥሪ ሲገጥማቸው የሚመስላቸውን ስም ይለጥፉበታል። ያቺ ንጋት ላይ የቀዳኋት ፉጨት ሦስት ጊዜ ለፕሮግራሙ ሰጥቻት ሦስት ስም ተሰጣት። ስሙን ትታችሁ ሥዕሉን እዩ፣ ጆሯችሁን ስጡ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ ፌንጣና መሰሎቹም በዚያው ከፍታ ይጮኻሉ፣ መጀመሪያ ላይ ያሳስታል። የእነሱ ሳያቋርጥ በአንድ ቦታ ይቀጥላል፣ የሌሊት ወፍ ግን ይመጣል ይሄዳል።

መሣሪያዋ ትሠራ እንደሆነ ለማወቅ የሌሊት ወፍ መጠበቅ አያስፈልግም። ቁልፍ አንኳኩባት፣ ወይም ሁለት ጣታችሁን አጠገቧ አሻሹ። የጣት ፍትጊያ እንኳ የማንሰማው ቀጭን ድምፅ አለው፣ ሥዕሉ ላይ ፍንትው ብሎ ይወጣል። እኔ ከቤት ሳልወጣ ሁሌ እንዲህ እፈትናታለሁ።

ሌሎች ትናንሽ ነገሮች። ነፋስ አትወድም፣ ጠል ካለ ደግሞ ማይክሮፎኗን ሸፈን ማድረግ አለባችሁ። የስልክ ባትሪ ትበላለች። መሰኪያዋ አጭር ስለሆነ ስልኩ ወፍራም ሽፋን ካለው አትይዝም፣ ሽፋኑን ማውለቅ ግድ ነው። የማይክሮፎኗ አቅጣጫ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሲበሩ ማን እንደጮኸ መለየት ይከብዳል፤ ዐይንም መሥራት አለበት። ይህ ሁሉ ግን የሚቻል ነው።

አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። የቀዳችሁትን ጥሪ ማደሪያቸው ጋ ሄዳችሁ መልሳችሁ አታጫውቱ። ይመጡ እንደሆነ ለማየት ማማለሉ አይቀርም፣ ይገባኛል። ሊመጡም ይችላሉ። ግን የምትነኩት እርስ በርስ የሚገናኙበትን ነገር ነው። ወገኔ ጠራኝ ብላ መጥታ ስልክ ታገኛለች፣ ሌሊቷም በከንቱ ያልፋል። ሴቶቹ ልጅ በያዙበት ወቅት ደግሞ ጭራሹን ራቁ። አብዛኛዋ የሌሊት ወፍ በዓመት የምትወልደው አንድ ልጅ ነው፣ ያንን አንድ ልጅ የምታገኘው ደግሞ በድምፅና በጠረን ነው። ቴክሳስ ባለው ብራከን ዋሻ ሚሊዮኖች አብረው ይኖራሉ። እናቶቹ ልጆቻቸውን እርስ በርስ ተጣብቀው ከተከመሩት ግልገሎች መሀል ትተው ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይጠራሉ፣ ልጅ ይመልሳል፣ እናት ተጠግታ ታሸታለች። በ1984 የታተመ የጋሪ ማክራከን ጥናት እንዳሳየው እንደዚህ ባለ ግርግር ውስጥ 83 በመቶ ያህሉ የሚያጠቡት የራሳቸውን ልጅ ነው። ይህንን ካወቃችሁ በኋላ በመሀላቸው የውሸት ድምፅ መልቀቅ አያስችላችሁም። መብራትም አታብሩባቸው። የወደቀች ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ስለሚያክም ሰው ጠይቁ።

ሌሎችም ብዙ አሉ። ደም መጣጮቹ ተርቦ ለቀረ ጓደኛቸው የጠጡትን ያካፍላሉ፣ ብዙ ጊዜ ያጎረሰቻቸውንም በድምፅዋ ለይተው ወደ እሷ ይሄዳሉ። የግብፅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ላይ በ2016 የወጣ ጥናት ወደ 15,000 የሚጠጉ ጩኸቶችን መርምሮ ማን እንደጮኸ፣ በምን ጉዳይ እንደሆነ፣ አንዳንዴም ለማን እንደሆነ መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ጉዳዩ ባብዛኛው ጭቅጭቅ ነው፤ ተጠጋሽኝ፣ ምግቤን ተይ፣ ቦታዬ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር።

ልትገዙ ካሰባችሁ ሦስት ነገር አረጋግጡ። በሰከንድ ቢያንስ 256,000 ጊዜ የምትለካ ትሁን። ገደቧ በእጅ የሚወርድ ይሁን። ሳይጨመቅ ሙሉውን ድምፅ እንዳለ የምታስቀምጥ ትሁን፣ ምክንያቱም ዛሬ ያልገባችሁን ድምፅ ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ትሰሙታላችሁ። ስም ብቻ ለሚፈልግ ሰው ርካሿ አሮጌዋም ትበቃዋለች፣ ይህችን አይግዛ። ለሌላው ሁሉ፣ በተለይ ልጆች ላሉት፣ ዐይኔን ሳላሽ እመክራለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ኢርፎኑን አድርጎ ያንን ፉጨት ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ማንን ነው የምትጠራው?» ብሎ ነው። ስሟን አልጠየቀም።

ከአምስት አራት ሰጥቻታለሁ። አንዷን የቀነስኩት በሦስተኛው ገጽ ላይ በተደበቀው ገደብ ነው።